ባዶ እጅ በጉብታው ላይ

ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካውያን ጨዋታ ከፊልም ላይ በቁርጥራጩ ያየ፣ ወይም በባዕድ አገር ኖሮ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ ሲያመላልስ ከዳር ቆሞ የተመለከተ አንባቢ፣ ወርዋሪው ከመካከለኛው ጉብታ ላይ ሆኖ ኳሷን ወደ መቺው እንደሚልክ፣ መቺውም በዱላ ከመታ በኋላ በአራቱ ማዕዘናት የተተከሉትን ቤዞች እየረገጠ ወደ ተነሣበት ለመመለስ እንደሚሮጥ ሳይረዳ አይቀርም። ሯጩ ቤዙን እስከ ረገጠ ድረስ የሚነካው የለም፤ ከቤዙ ፈቀቅ ባለ ጊዜ ግን ኳሷን የያዘ ተከላካይ ከነካው፣ የሰፈራችን ልጆች በጨዋታቸው እንደሚሉት፣ ተቃጠለ። ከዚህ ቀላል ሥርዓት ውስጥ አንድ ጥንታዊ ተንኮል ተወልዷል፤ ይኸውም ተከላካዩ ኳሷን ለወርዋሪው የመለሰ መስሎ በጓንቱ ውስጥ ሸሽጎ ያስቀራትና፣ ሯጩ ኳሷ በጉብታው ላይ ናት ብሎ አንድ እርምጃ ሲራመድ፣ ቀስ ብሎ ተጠግቶ የሚያቃጥልበት ብልሃት ነው።

የሚያስደንቀው ግን ተንኮሉ አይደለም፤ የሚያስደንቀው ሕጉ ስለ ተንኮሉ የወሰነው ነው። የቤዝቦል ሕግ ኳስ መሸሸግን በየትም ቦታ አልከለከለም። የከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወርዋሪው ባዶ እጁን ከተወሰነች አንዲት ሥፍራ ላይ እንዳይቆም። በሜዳው ላይ ካሉት ዘጠኝ ተከላካዮች ስምንቱ እንዳሻቸው ቢያስመስሉ የሚጠይቃቸው የለም፤ አንዱ ግን ቃል ሳይተነፍስ፣ በእግሩ አቋቋም ብቻ፣ ሐሰተኛ ምስክር ሊባል ይችላል። ይህ ልዩነት እንዴት እንደ መጣ ለማወቅ ከመጀመሪያው መነሣት ያስፈልጋል፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1845–1876፦ ያልተተረጐመ ኃጢአት

በ1845 የኒው ዮርክ ኒከርቦከር ክለብ አባላት፣ ከሥራ በኋላ ለመናፈስ የሚሰበሰቡ ነጋዴዎችና የቢሮ ጸሐፊዎች፣ ለጨዋታቸው 20 አንቀጽ ያለው ደንብ ጽፈው አጸደቁ። ከእነዚህም 19ኛው አንቀጽ ወርዋሪው «ቦክ» ያደረገ እንደ ሆነ ሯጩ ወደ ሚቀጥለው ቤዝ ሲሄድ ሊቃጠል እንደማይችል ይደነግጋል። ቦክ ምን እንደ ሆነ ግን ደንቡ አልተረጐመም፤ ጸሐፊዎቹም የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚተዋወቁ ጨዋ ሰዎች ነበሩና አታላይ እንቅስቃሴ የትኛው እንደ ሆነ በዐይናቸው ይለዩት ነበር።

በዚያ ዘመን ወርዋሪው የመቺው አገልጋይ እንጂ ባላጋራው አልነበረም። ኳሷን ክንዱን ከወገቡ በታች አድርጎ፣ መቺው እንዲመታት፣ በልግስና ያቀርብ ነበር። ይህን ልማድ ከሰበሩት መካከል በብሩክሊን የኤክሴልሲየር ክለብ ወጣት የነበረው ጄምስ ክሬይተን ስሙ ቀድሞ ይነሣል፤ እርሱ በ1862 ገና በ21 ዓመቱ ሲሞት፣ በእጁ አንጓ ምት የተፈተለችው ፈጣን ኳሱ ግን ወርዋሪውን ከአገልጋይነት ወደ ጠላትነት አሸጋግራው ነበር። በ1869 የሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ በግልጽ ደመወዝ የሚከፈለው የመጀመሪያው ቡድን ሆነ፤ በ1876 ደግሞ ናሽናል ሊግ ተመሠረተ። ገንዘብ ከገባ ዘንድ ጨዋነት ብቻውን ሕግ ሆኖ ሊዘልቅ አይችልም፤ ስለዚህ ያልተተረጐመው ቃል መተርጐም፣ ያልተከለለውም ሥፍራ መከለል ነበረበት።

1881–1895፦ ከሳጥን ወደ ሳንቃ

የወርዋሪው ሥፍራ በዚያን ጊዜ በመሬት ላይ በኖራ የተሠመረ ሳጥን ነበር። በውስጡ ወዲያና ወዲህ ይመላለስ፣ ተንደርድሮም ይወረውር ነበር። መቺዎቹ ፍጥነቱን ሊቋቋሙት ስላልቻሉ በ1881 ሳጥኑ ከ13.7 ሜትር ወደ 15.2 ሜትር ራቀ፤ በ1884 ናሽናል ሊግ ክንድን ከትከሻ በላይ አንሥቶ መወርወርን ሲፈቅድ ደግሞ ወርዋሪው እንደገና በረታ። በኒው ዮርክ ጃይንትስ የነበረው ኤሞስ ሩሲ ኳሱን ሲለቅ መቺዎቹ ይፈሩት ነበር ይባላል፤ በ1893 የተደረገውን ታላቅ ለውጥ ካመጡት ምክንያቶችም የእርሱ ፍጥነት አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

በዚያ ዓመት ሳጥኑ ፈጽሞ ተሰረዘ። በምትኩ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት የጎማ ሳንቃ ከመሬት ጋር ተቀበረች፤ ርቀቷም 18.44 ሜትር ሆነ፤ ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በ1895 ሳንቃዋ 61 በ15 ሴንቲ ሜትር ሆና ሰፋች።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ለውጥ የሚተርኩት ስለ ርቀቱ ነው፤ እኔ ግን ለእኛ ጉዳይ ከርቀቱ ይልቅ ሳንቃዋ ትበልጣለች እላለሁ። በሳጥኑ ዘመን የወርዋሪው «ሥፍራ» ሰፊ ግቢ ነበረና፣ በዚያ ውስጥ ባዶ እጁን ሲንጎራደድ ያየ ሰው ሊወረውር ነው ወይስ ላቡን ሊጠርግ ብሎ ሊፈርድ አይችልም። ሳንቃዋ ከተቀበረች በኋላ ግን ጥያቄው የእግር ጥያቄ ሆነ፤ ወይ ረግጧታል ወይ አልረገጣትም። ከዚህም ጋር ሌላ ሥርዓት ተጣመረ፤ ይኸውም ጨዋታው በአንድ ምክንያት ከቆመ በኋላ ወርዋሪው ኳሷን ይዞ በሥፍራው ካልቆመ በቀር እንደገና አይጀመርም የሚለው ነው። እንግዲህ የወርዋሪው በሳንቃዋ ላይ መቆም «ኳሷ በእጄ ናት» የሚል ዐዋጅ ሆነ፤ ሯጮችም ይህን ዐዋጅ አምነው መራመድን ተማሩ። ተንኮለኛውም ከዚያ ወዲያ የሚሠራው በዚሁ እምነት ላይ ነው።

1907፦ በሦስተኛው ቤዝ ላይ

ጥቅምት 9 ቀን 1907 የዲትሮይት ታይገርስና የቺካጎ ከብስ ለወርልድ ሲሪስ፣ ማለት ለዓመቱ የፍጻሜ ውድድር፣ ሁለተኛውን ግጥሚያ በቺካጎ ተገናኙ። ጨዋታው ገና መጀመሪያው ነው። የከብሱ ፈጣን ሯጭ ጂሚ ስላግል ሦስተኛው ቤዝ ደርሷል፤ ከዚያ ወደ ቤት የሚቀረው 27 ሜትር ብቻ ነው። በሦስተኛው ቤዝ የቆመው የዲትሮይቱ አለቃ ቢል ኮግሊን ነው፤ ይህ ሰው ኳስ በመሸሸግ ቀድሞም የታወቀ ነበር። ኳሷ ከቡድን ጓደኛው ከጀርማኒ ሼፈር ጋር በተደረገ ምሥጢራዊ ስምምነት በኮግሊን እጅ ቀረች፤ ወርዋሪው ጆርጅ ማሊን በጉብታው አካባቢ ነው፤ ስላግልም ከቤዙ ወረደ። ኮግሊን ነካው፤ ዳኛውም ተቃጥሏል ብሎ ፈረደ።

ዲትሮይት በዚያ ቀን 3 ለ1 ተሸነፈ፤ ውድድሩንም አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሸንፍ አጣ፤ ነገር ግን በወርልድ ሲሪስ ታሪክ ይህ ተንኮል ሠምሮ የታየው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያልተደገመበትን ምክንያት ለመረዳት ቅጣቱን ማሰብ ይበቃል። ወርዋሪው ባዶ እጁን ሳንቃዋን ቢረግጥ ዳኛው ቦክ ብሎ ይጮኻል፤ ሯጮቹም ሁሉ አንድ አንድ ቤዝ ያለ ድካም ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቤዝ ያለው ሯጭ ደግሞ የሚሄደው ወደ ቤት ነው፤ ይህም ነጥብ ነው። ስለዚህ ኮግሊን ያተረፈው ማሊን እግሩን ከአንዲት የጎማ ቁራጭ ላይ ስላላሳረፈ ነው፤ አሳርፎ ቢሆን ኖሮ ተንኮሉ ለጠላቱ ነጥብ በሰጠ ነበር። ዝናው ግን ለኮግሊን ብቻ ቀረ። በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ወርዋሪው ምንም ሳይሠራ ዋናውን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው።

1920–1950፦ ሕጉ ቃል ሲያገኝ

በነሐሴ 1920 የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን ራሱን በኳስ ተመትቶ በማግሥቱ ሞተ። በሜጀር ሊግ፣ ማለት በአገሪቱ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር፣ ሜዳ ላይ በተቀበለው ምት የሞተ ተጫዋች እርሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳኞች የጠቆረችውን ኳስ ቶሎ ቶሎ በነጭ መለወጥ አዘወተሩ። ይህ የርኅራኄ ሥራ በሽሸጋው ላይ ያልታሰበ ጉዳት አደረሰ ብዬ እገምታለሁ፤ ኳስ በተለወጠ ቁጥር ጨዋታው ይቆማልና፣ በቆመ ጨዋታ ደግሞ የሚቃጠል የለም። የዳኞችም ቍጥር በየጊዜው አደገ፤ በጥንት ጊዜ አንድ ዳኛ ብቻውን ሜዳውን ሁሉ ይጠብቅ የነበረው፣ በ1952 አራት ሆኑ። ያም ሆኖ ተንኮሉ አልሞተም፤ የቺካጎ ዋይት ሶክሱ ዊሊ ካም በ1929 በክሊቭላንድ ላይ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው በተቃጠለበት ጨዋታ ውስጥ የሽሸጋ ጥበቡን አሳይቷል።

ሕጉ እስከዚህ ዘመን ድረስ በየዓመቱ እየተለጠፈ የመጣ ልብስ ነበርና፣ በታኅሣሥ 1949 ባለ ሥልጣኖቹ ኒው ዮርክ ላይ ተቀምጠው ከሥሩ አሰናድተው ጻፉት፤ ለሚቀጥለውም ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። በዘመናዊው መጽሐፈ ሕግ ቦክን የሚዘረዝረው አንቀጽ ለብዙ ዓመታት 8.05 ይባል ነበር፤ ዛሬ 6.02 ሆኗል፤ በውስጡም 13 ንዑሳን አሉ። ከእነዚህ አንዱ በእኛ ጉዳይ ላይ የሚናገር ነው፤ ሐሳቡም ወርዋሪው ኳስ ሳይዝ ሳንቃዋን ከረገጠ፣ ወይም ሳንቃዋን በሁለት እግሮቹ መካከል አድርጎ ከቆመ፣ ወይም ከሳንቃዋ ውጭ ሆኖ የመወርወርን እንቅስቃሴ ካስመሰለ ቦክ ነው የሚል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያስገባው ግን ለዳኞች መመሪያ የተጨመረው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው በመጀመሪያ የቦክ ሕግ ዓላማ ወርዋሪው ሯጩን ሆን ብሎ እንዳያታልል መከልከል መሆኑን ይነግራቸውና፣ ዳኛው ሲጠራጠር የወርዋሪውን ሐሳብ መርምሮ እንዲፈርድ ያዛል። እስከዚህ ድረስ ሕጉ የነፍስ አባት ይመስላል፤ ልቡናን ይመረምራል። ወዲያው ግን ይመለስና፣ ያለ ኳስ ሳንቃዋን በእግሮቹ መካከል አድርጎ የቆመ ወርዋሪ የማታለል ሐሳብ እንዳለው ተቈጥሮ ቦክ ይፈረድበት ይላል። አላወቅሁም፣ ረሳሁ፣ እግሬ ሄደብኝ ማለት አይጠቅመውም፤ በሌላው ሁሉ በልቡናው የሚዳኘው ሰው በዚህች ሥፍራ በእግሩ ይዳኛል። እኔ በዚህ ጨዋታ ሕግ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ አላየሁም፤ የሕጉ ጸሐፊዎች የሰውን ሐሳብ መርምሮ መድረስ የማይቻልበትን ቦታ ለይተው ዐውቀውታልና።

1982፦ የኦማሃው ትርኢት

ሳንቃዋ የምትከለክለውን ያህል የምትፈቅደውም አላት። በ1982 የኮሌጆች የፍጻሜ ውድድር በኔብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ ሲካሄድ፣ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ከዊቺታ ስቴት ጋር ተገናኘ። የዊቺታው ፊል ስቲቨንሰን በዚያ ዓመት ከ80 በላይ ቤዝ ሰርቆ፣ ማለት ኳሷ ሳትመታ ወደ ሚቀጥለው ቤዝ ሮጦ ደርሶ የነበረ አስፈሪ ሯጭ ነው፤ እርሱ በአንደኛው ቤዝ ላይ ሲደርስ የማያሚ ሰዎች በአሠልጣኙ ሮን ፍሬዘርና በረዳቱ ስኪፕ በርትማን ዘመን የተዘጋጀውን ትርኢት ጀመሩ።

ወርዋሪው ማይክ ካስፕርዛክ እግሩን ከሳንቃዋ አወረደ፤ ከዚያም ወደ አንደኛው ቤዝ የወረወረ መስሎ ክንዱን ሰነዘረ። ኳሷ ከእጁ አልወጣችም። የአንደኛው ቤዝ ተከላካይ ግን ያመለጠችውን ኳስ ለመያዝ እንደ ተወረወረ ሰው በደረቱ ወደቀ፤ ተነሥቶም በስተኋላው ወዳለው ሜዳ ሮጠ። ከዳር የተቀመጡት ጓደኞቹም ኳሷ በእግራቸው ሥር የገባች ይመስል ተበታተኑ፤ ሌሎቹም ወደ አጥሩ እየጠቆሙ ጮኹ። ስቲቨንሰን ይህን ሁሉ ዐይቶ እንዴት አይመን? ወደ ሁለተኛው ቤዝ ገሠገሠ፤ እዚያም ኳሷ ቀድማው ስትጠብቀው አገኛት። ማያሚ 4 ለ3 አሸነፈ፤ የዚያን ዓመት ሻምፒዮናም ሆነ።

ይህ ሁሉ ሕጋዊ የሆነው ካስፕርዛክ አስቀድሞ እግሩን ስላወረደ ነው። ከሳንቃዋ ወደ ኋላ የወረደ ወርዋሪ ማዕረጉን እንዳወለቀ ያለ ነው፤ ሕጉም ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ተከላካይ ይቈጥረዋል፤ ተከላካይ ደግሞ ማስመሰል ይችላል። ሳንቃዋን እንደ ረገጠ ወደ አንደኛው ቤዝ አስመስሎ ሳይወረውር ቢቀር ግን ቦክ ነበር። ሰው በአንዲት እርምጃ ውስጥ ከመሐላ ወደ ቲያትር ተሻገረ።

1985–1988፦ ሁለተኛው ቤዝ፣ ድንቹና የቦክ ዓመት

በሜጀር ሊግ ይህን ጥበብ በዘመናችን ካነሡት መካከል የቦስተን ሬድ ሶክሱ ማርቲ ባሬት ይጠቀሳል፤ በሐምሌ 1985 ብቻ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ቡድን፣ ከካሊፎርኒያ ኤንጀልስ፣ ሁለት ሰዎችን፣ ቦቢ ግሪችንና ዳግ ዲሲንሲስን፣ በሁለተኛው ቤዝ ላይ አቃጥሏል። አንድ ቡድን በአንድ ወር ሁለት ጊዜ በአንድ ሰው መታለሉ የሚያሳየው፣ ሰው የሚጠነቀቀው በጆሮው ለሰማው ሳይሆን በዐይኑ ለለመደው ምልክት መሆኑን ነው። የባሬት ወርዋሪዎችም የድርሻቸውን ያውቁ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ወርዋሪ ከጉብታው ኋላ ይንጎራደዳል፤ እጅ ለማድረቅ የተቀመጠችውን የሙጫ ዱቄት ከረጢት ያነሣል፣ ይጥላል፤ ቆቡን ያስተካክላል፤ ወደ ሳንቃዋ ግን ድርሽ አይልም።

ነሐሴ 31 ቀን 1987 በፔንሲልቬንያ ዊልያምስፖርት ከተማ በአነስተኛ ሊግ ሲጫወት የነበረው ዴቭ ብሬስናሃን ተንኮሉን ከልኩ አሳለፈው። እርሱ ከመቺው ኋላ የሚቆም ተቀባይ ነበር። ድንች ልጦ እንደ ኳስ አድርጎ አዘጋጀ፤ ጓንቴ ተበጠሰ ብሎ ሊለውጥ ሄዶም ድንቹን ይዞ ተመለሰ። ከወርዋሪው የመጣችውን እውነተኛ ኳስ በጓንቱ ይዞ፣ በሌላው እጁ ድንቹን ከሦስተኛው ቤዝ አሳልፎ ወረወረው። ሯጩ ኳሷ አመለጠች ብሎ ዘና ብሎ ወደ ቤት ሲመጣ፣ ብሬስናሃን በኳሷ ተቀበለው። ዳኛው ድንቹን ካዩ በኋላ ነጥቡን ለሯጩ ሰጡ፤ ብሬስናሃንም 50 ዶላር ተቀጥቶ ከሥራው ተሰናበተ። ሕዝቡ ግን ወደደው፤ በሚቀጥለው ዓመት የለበሰው 59 ቍጥር ማልያ በክብር ከአገልግሎት ሲወጣ፣ መግቢያው አንድ ዶላርና አንድ ድንች ነበር።

በዚያው በ1988 ሜጀር ሊግ በሌላ በኩል ከረረ። ወርዋሪው ከመወርወሩ በፊት የሚያደርገው ቆም ማለት ለዐይን የሚለይ እንዲሆን የሕጉ ቃል ተጠነከረ፤ ባለፈው ዓመት 356 የነበረው የቦክ ቍጥር በአንድ ጊዜ 924 ደረሰ፤ የኦክላንዱ ዴቭ ስቱዋርት ብቻውን 16 ተፈረደበት። በሚቀጥለው ዓመት ቃሉ ለዘብ ተደረገ። ከዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ ግን የባዶ እጁ ንዑስ አንቀጽ ሳይነካ ወጣ፤ የሚከራከርበት አልነበረምና።

1994–2005፦ የመጨረሻዎቹ ሊቃውንት

በሰኔ 1994 የሳን ፍራንሲስኮው ማት ዊልያምስ በሦስተኛው ቤዝ ላይ የቆመውን የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወጣት ራፋኤል ቡርኒጋልን፣ ቤዙን ላጽዳው፣ እስቲ አንድ ጊዜ ውረድልኝ ብሎ በትሕትና ጠየቀው ይባላል፤ ልጁም በትሕትና ወረደ፤ ዊልያምስም በትሕትና አቃጠለው። በ1997 በክሊቭላንድ ማልያ በካንሳስ ሲቲው ጄድ ሃንሰን ላይ ደገመው። ከዚያ በኋላ የፍሎሪዳ ማርሊንስ ማይክ ሎዌል በ2004 የሞንትሪያሉን ብራያን ሽናይደርን፣ በነሐሴ 2005 ደግሞ የአሪዞናውን ሉዊስ ቴሬሮን በሦስተኛው ቤዝ አቃጠለ። በሁለተኛው ጊዜ ወርዋሪው ቶድ ጆንስ ነበር፤ ሥራውም ከጉብታው አካባቢ ሳይርቅ፣ ወደ ሳንቃዋም ሳይቀርብ መቆየት ብቻ ነበር፤ ቴሬሮ የጆንስን እግር ሳያይ ተራመደ።

ቢል ዲን የተባለ ተመራማሪ በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ በሜጀር ሊግ ታሪክ የሠመሩትን ሽሸጋዎች ሲለቅም ከ200 በላይ አግኝቷል። ብዙዎቹ የጥንት ናቸው፤ ወደ እኛ ዘመን ሲቀርቡ እየሳሱ ይሄዳሉ።

ከ2013 ወዲህ፦ ሰዓቱና የትምህርት ቤቱ ሕግ

በ2013 አንድ የቆየ ማታለያ ተሰረዘ፤ ወርዋሪው ሳንቃዋን እንደ ረገጠ ወደ ሦስተኛው ቤዝ አስመስሎ ዞሮ ወደ አንደኛው የሚወረውርበት ስልት ከዚያ ወዲያ ቦክ ሆነ። በ2023 ደግሞ ለወርዋሪው ሰዓት ተቈጠረበት፤ ቤዞቹ ባዶ ሲሆኑ 15፣ ሯጭ ሲኖር 20 ሴኮንድ፤ ይህም በሚቀጥለው ዓመት 18 ሆነ። ለአንድ መቺ ከሳንቃዋ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲወርድ ተፈቀደለት፤ በሦስተኛው ወርዶ ሯጩን ካላቃጠለ ቦክ ነው። ቤዞቹም ከ38 ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ሰፉ። የከረጢት ማንሣትና የቆብ ማስተካከል ዘመን በዚህ አጠረ፤ የሽሸጋ እስትንፋሱ መዘግየት ነበርና።

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት ሕግ ግን ከሁሉ ይከርራል። እዚያ ሳንቃዋን መርገጥና በእግር መካከል ማድረግ ብቻ አይደለም የተከለከለው፤ ወርዋሪው ኳስ ሳይዝ ወደ ሳንቃዋ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከቀረበ ቦክ ነው። ሜጀር ሊግ የእግርን ጫማ ሲመለከት ትምህርት ቤቱ በሳንቃዋ ዙሪያ ቅጥር አጥሯል፤ ለልጆች ሲሆን ጥርጣሬ የሚያስገባውን መንገድ አስቀድሞ መዝጋት ይሻላል ከማለት ይመስለኛል። እንግዲህ ቶድ ጆንስ በ2005 ያደረገውን በቴሌቪዥን ዐይቶ የተማረ የ16 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁለት እርምጃ ወደ ጉብታው ራስ ቢቀርብ፣ ጓደኛው ኳሷን በጓንቱ ደብቆ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሲጠባበቅ፣ ዳኛው ቦክ ይላል፤ ሊያቃጥሉት የነበረውም ሯጭ እየተራመደ ወደ ቤት ገብቶ ነጥቡን ያስመዘግባል።